አራት ፋንና አንድ መስኮት

ወይዘሮ ወለተሥላሴ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው እግዚአብሔር፣ ሁለተኛው ነፋስ። እግዚአብሔርን እንኳ አንዳንዴ ይለማመጡታል፣ ስለት ይሳሉለታል፣ ሲዘገይባቸውም ያኮርፉታል። ከነፋስ ጋር ግን ድርድር የላቸውም። ጥርስ ቢታመም ነፋስ ነው፤ ወገብ ቢያዝ ነፋስ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ማትሪክ ብትወድቅም በባጃጅ ስትመላለስ ነፋስ ጭንቅላቷን መቷት ነው እንጂ ሳታጠና ቀርታ አይደለም።

ነገሩ የዘር ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከመንዝ ወደ ሐረር ሲመጡ ብርዱን እዚያው ትተው ፍርሃቱን ግን ጭነው መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ፣ ሐረር ሰው በሸሚዝ የሚውልባት ከተማ ሆና ሳለ፣ በዚያ ቤት ዛሬም የመንዝ ውርጭ ይፈራል። ከከተማዋ ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ብዙ የማይርቀው ቤታቸው በፊት ለፊቱ ክፍል አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱም ሥራው መዘጋት ነበር።

ታዲያ ፈጣሪም ሲቀልድ፣ እኚህን ሴት ለጂኦግራፊ አስተማሪ ዳራቸው። መምህር ገብረመድኅን ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መስኮት መክፈት ነበር፤ ቤታቸው ሲገቡም እንደዚያው። ባል ይከፍታሉ፣ ሚስት ይዘጋሉ። ባል ጋዜጣ ሲያነሱ ሚስት ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሚስት ወጥ ሊያማስሉ ሲነሱ ባል ከፍተው ይቀመጣሉ።

«ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ይላሉ መምህሩ።

«ተፈጥሮ ወገብ የላትማ» ይላሉ ወይዘሮዋ፤ ይዘጋሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው፣ ሴት ልጃቸውን ልደትን በጥር ዳሩ፤ የካቲት ሳይጋመስ መምህር ገብረመድኅን ሞቱ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሐኪሙን በትዕግሥት አዳመጡትና፣ «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ብለው የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ። በሰርጉ ቀን ባላቸው እዚሁ ክፍል ውስጥ ሲጨፍሩ አልቧቸው ነበር። እሳቸው ወጥ ቤት ሆነው ድንገት ነፋስ ሸተታቸው። አንድ የማይረባ ሰው መስኮቱን ከፍቶ በላባቸው ላይ ነፋስ አስመታቸው፤ በቃ፣ የገደላቸው እሱ ነው።

ያን ሰው ፍለጋ ተያያዙት። ዘመድ በሙሉ ተጠረጠረ። ከድሬዳዋ የመጡት የመምህሩ እህት፣ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ በሰርጉ ቀን «ሞቀኝ» ሲሉ ተሰምተው ነበርና ዋና ተጠርጣሪ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። መስኮቱም በልጃቸው በኪዳነወልድ እጅ በምስማር ተመታ።

ኪዳነወልድ መስኮቱን ማን እንደከፈተው ያውቅ ነበር። ሰርጉን በካሜራ የቀረጸው እሱ ነዋ። የከፈቱት ራሳቸው መምህሩ ናቸው። ይህን ግን ሐዘንተኛ እናት ፊት ቆሞ የሚናገር አፍ አልነበረውም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ምስማሩን መታ።

ይህ ኪዳነወልድ ሠላሳውን የተሻገረ፣ ገና ያላገባ፣ የሌላውን ሰው ሰርግ በማሳመር የሚተዳደር ሰው ነው። ያው የፊት ለፊቱ ክፍል ቀን ቀን «ኪዳን ስቱዲዮ» ይባላል። ሙሽሮች ከሐረር ሳይወጡ በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ በበረዶ ተራራ ላይ ይራመዳሉ፣ ከፏፏቴ ሥር ይሳሳማሉ፣ ሙሽራዋ ከጽጌረዳ አበባ ውስጥ ብቅ ትላለች። ሚዜዎች ሲጨፍሩ ርግብ ይለቅባቸዋል። አንድ ሙሽራ ስለ ርግቡ ብዛት ቅሬታ ቢያቀርብበት፣ «አርት ነው» ብሎ መልሶለታል። እንዲህ የሰው ሰርግ ሲያሳምር የገዛ እህቱ ሰርግ ግን ሳይሠራ ቀረ። ሐዘን መሃል ገባ።

እናቱም እንዲሠራው አልፈለጉም ነበር። «ዓመቱ ሲሞላ፣ ጸሎቱ ሲደርስ፣ ያን ቀን አየዋለሁ። እስከዚያ ዓይኔ አይችልም» አሉ። ከሚሌኒየሙ በዓል ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኖ፣ የመምህሩ ሙት ዓመት የሚወጣበት እሑድ ሲቃረብ ግን ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። «እሑድ ገብሬን አየዋለሁ፤ ሲስቅ እሰማዋለሁ» ይላሉ፤ ለጎረቤት ይናገራሉ፤ የሚለብሱትን እንኳ ከሳጥን አውጥተው አናፍሰዋል። ሰርጉ የተቀረጸበትን ካሴት፣ ወደ ኮምፒውተሩ ከተገለበጠ በኋላ፣ ያ አሮጌ ካሜራ አላምጦ በልቶታል። የመምህሩ ጭፈራም፣ ሳቅም፣ ድምፅም በዓለም ላይ ያለው በዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ እንዳይገለብጠው ደግሞ ኪዳነወልድ ያለው ፍላሽ ከሙሽራዋ የፀጉር ሥራ በላይ የሚይዝ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ግን እምቢ አለ። ኪዳነወልድ ሰርጉን ቆራርጦ፣ ዘፈን አልብሶ፣ ወደ ሲዲ የሚገባ አንድ ፊልም እንዲያደርግለት ሲያዘው፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ እየጋለ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ ይላል። ቢያስነሳው እንደገና ግማሽ መንገድ፤ እንደገና ቀጥ። ኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ በእጁ ሲነካው ያቃጥላል። በላዩ ላይ እናቱ የሠሩት ነጭ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው በላይ ግድግዳው ላይ የመምህሩ ፎቶግራፍ አለ። ክፍሉ ታፍኗል፤ ጠዋት የተቆላ ሽንኩርት ሽታው ማታም እዚያው ነው።

ጎረቤታቸው ግርማ ተጠራ። ግርማ አዲሱ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፣ እሱም አያርምም። ግርማ ለማንኛውም ነገር አንድ መድኃኒት አለው። ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት ያደርገዋል። ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ፕሪንተር ወረቀት አልቆበት ሳለ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ፣ በኋላ ወረቀት ሲጨመር ስለሠራ ተመስግኗል።

ግርማ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት በዳንቴሉ ላይ እጁን ጭኖ አሰበና፣ «ቫይረስ ነው። ፎርማት መደረግ አለበት» አለ።

«ጋሽ ግርማ፣ ፎርማት ከተደረገ በውስጡ ያለው ይጠፋላ!»

«ይጠፋል፤ ግን ንጹሕ ይሆናል።»

«አባቴ እኮ ነው ያለው!»

ግርማ እጁን ከዳንቴሉ ላይ አነሳ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት ትዝ ብላው ይሁን አይታወቅም፣ ሐሳቡን ለወጠ። «እንግዲያው ሙቀት ነው። ነፋስ የሚያነፍስለት ፋን አንሶታል። አራት ይግባለት። ደግሞ መብራት ያላቸው ይሁኑ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከሆኑ ለሕዝብ በዓልም ያገለግላሉ» አለና የፎርማት ሲዲውን ቦርሳው ውስጥ መልሶ ሄደ። ሁልጊዜ ይዞት ይዞራል።

ኪዳነወልድ ሸዋ በር ወረደ። ከታክሲው ግርግር ጀርባ ሐሊማ የምትባል ሴት ከምንጣፍና ከሽቶ ጎን የኮምፒውተር ዕቃ ትሸጣለች። ዕቃው ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፤ ሐሊማም አትናገርም። ፋኖቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት፤ መዳፍ የሚያህል ትንሽ፣ ከመዳፍ የሚሰፋ ትልቅ፣ ሰማያዊ የሚያበራ፣ ቀይ የሚያበራ።

«ትንሹ ይሻላል ወይስ ትልቁ?» አለ ኪዳነወልድ።

«አቦ፣ ትንሹ ብዙ ይጮሃል። የሚጮህ ደግሞ እንደሚሠራ ይታወቃል።»

«ትልቁስ?»

«ትልቁ አይጮህም። ረጋ ያለ ነው፣ ማሻአላህ። ቤት ውስጥ ሰው ከተኛ እሱን ውሰድ።»

«ሰማያዊውና ቀዩስ ምን ይለያያሉ?»

ሐሊማ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ወላሂ፣ ሰማያዊው የበለጠ ያቀዘቅዛል። ቀዩን አይተህ ቀዘቀዘኝ የምትል ሰው ነህ? በለኛ!»

ኪዳነወልድ የተማረ ሰው ነውና በልቡ ሳቀ፤ ሰማያዊውን ግን ገዛ። አራት ትልልቅ ፋን። ክፈፋቸው ላይ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀስት ነበረ። «ይሄን ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የማስረው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ወሪያ! ስታዞረው ይዞራል፤ እንደ ቤትህ ፍላጎት ነዋ፣ ኢንሻአላህ» አለችው። ያን ጊዜ ቀልድ መሰለው።

ቤቱ ገብቶ ዳንቴሉን በክብር አጥፎ ኬዙን ፈታ። ምን የት እንደሚገባ ለማወቅ ማንንም አልጠየቀም፤ የአባቱ ተማሪ ነበርና። ቀዝቃዛው በታች ይገባል፣ ሞቃቱ በላይ ይወጣል። አንዱን ፋን ከፊት በታች ወደ ውስጥ እንዲስብ አሰረ። አንዱን ከኋላ በላይ ወደ ውጭ እንዲተፋ፤ አንዱን በጣሪያው ላይ፣ አንዱን በጎኑ፣ እነሱም ሙቀቱን እንዲያስወጡ። ሲያስነሳው ኬዙ በሰማያዊ ብርሃን ተሞላ፤ ሙቀቱ በኋላ በኩል ሽው ብሎ ሲወጣ በእጁ ዳሰሰውና ደስ አለው። አባቱ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር ብሎም አሰበ።

«ነፋስ!» የሚል ጩኸት ቤቱን ሰነጠቀው።

ከኮምፒውተሩ ኋላ፣ ከፎቶግራፉ ሥር፣ የወይዘሮ ወለተሥላሴ መቀመጫ ነበር። ያ መቀመጫ ከዚያ አይነሳም፤ ለምን እንዳይነሳ የሚጠይቅም አልተወለደም። ከኋላው ፋን የሚወጣው ትኩስ አየር ልክ ጉልበታቸው ላይ አርፏል።

«እማዬ፣ ሞቃት እኮ ነው።»

«የሞቀ ነፋስ ከቀዘቀዘው ይብሳል! ቀዝቃዛው ይመታሃል፣ ትኩሱ አዘናግቶ ነው የሚገባው። ጉልበቴን! ወዮ ጉልበቴን!»

ጨዋ ልጅ ምን ያደርጋል? የኋላውን ፋን ፈትቶ አዞረው፤ ወደ ውስጥ ይስብ አለ። በማግስቱ የንስሐ አባታቸው ስለ ሙት ዓመቱ ሊነጋገሩ መጡና በኮምፒውተሩ ጎን ተቀመጡ። የጎኑ ፋን ቀሚሳቸውን ሲያንቀሳቅሰው አንድ ጊዜ አማተቡ፣ ሁለተኛ አማተቡ፣ ሦስተኛው ላይ ኪዳነወልድ ብሎን መፍቻውን አነሳ፤ የጎኑም ፋን ወደ ውስጥ ዞረ። የጣሪያው ፋን ደግሞ ዳንቴሉን አርገበገበው። ዳንቴል የሚርገበገበው ነፋስ ባለበት ቤት ነውና ያም ዞረ። አሁን ዳንቴሉ ተመጥጦ ልጥፍ አለ፤ ወይዘሮ ወለተሥላሴም «አሁን ልብስ መሰለ» ብለው አበባውን መለሱለት።

እንግዲህ አራቱም ፋን ወደ ውስጥ ይነፍሳል፤ የሚያስወጣ አንድም የለም። ነገሩ ግርማ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ማመልከቻ በየበሩ ይገባል፣ በአንዱም አይወጣም። ማንም አልተቀየመም፣ የሁሉም ጉልበት ተከበረ፣ ኮምፒውተሩ ብቻ ተቀቀለ። ድሮ ግማሽ መንገድ ይሄድ የነበረው አሁን ሙሽራዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ ቀጥ ማለት ጀመረ።

ዓርብ ዕለት ኪዳነወልድ ከገበያ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ጋቢ ለብሶ አገኘው። ተራ ጋቢ አይደለም፤ የአባቱ ጋቢ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሎ። አጠገቡ የታሸ ዳማ ከሴ በሳህን ተቀምጧል፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። እናቱ እጃቸውን ጋቢው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምች ነው የመታው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ። «ግለቱን አላየህም? ሲግል ነፋስ ለቀቃችሁበት፣ አራት ቦታ! ላብ ያውጣ፣ ይሻለዋል።»

ኪዳነወልድ ተቆጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱን ሊጮኽባቸው አፉን ከፈተ። «ዕቃ እኮ ነው!» አለ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቀና ብለው አዩት። «ገብሬ እዚህ ውስጥ አይደለም እንዴ ያለው?» አሉ። «አንተ አይደለህ ያልከኝ? ታዲያ ይብረደው?»

  ኪዳነወልድ ደጅ ወጥቶ ግንቡን ተደግፎ ቆመ፤ ባጃጁም ሰዉም በፊቱ ሲያልፍ አላየም። እናቱ እሑድን እየጠበቁ ናቸው፤ አባቱን ደግሞ በገዛ ፍቅራቸው እያፈኑት ነው። ይህን ለእሳቸው የሚነግር ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግርማ ሲዲውን ይዞ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች ጓሮ ለነገው ሙት ዓመት ሽንኩርት ይልጣሉ። ግርማ ጋቢውንና ዳማ ከሴውን በባለሙያ ዓይን መረመረ። «ይሄ ተሞክሯል?» አለ።

«ተሞክሯል» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

«እንግዲያው ፎርማት ብቻ ነው የቀረው።»

«እሱ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«መታጠብ ነው እትዬ። ከውስጥ ጥርግ አድርጎ ያጥበዋል።»

«ጠበል በለኛ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ? አጥበው!»

ግርማ እጅጌውን ሰበሰበ። ኪዳነወልድ በእሱና በኮምፒውተሩ መካከል ገብቶ ቆመ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለካ ለዚህ ነው። «ቆይ» አለ። «እማዬ፣ ከመታጠቡ በፊት አንድ ነገር ላሳይሽ። ትንሽ ብቻ። የሚችለውን ያህል።»

ሰርጉን ከመጀመሪያው አልጀመረም። በልቡ መቶ ጊዜ ቆርጦ ሊጥለው አስቦ ያልጣለው ቦታ ነበረ፤ እሱን ከፈተው።

ይኸው ክፍል ታየ። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ የተጨናነቀ ሰው። መሃል ላይ መምህር ገብረመድኅን ነጠላቸውን ጥለው፣ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ትከሻቸውን ይንጣሉ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። መምህሩ ጭፈራውን አቋርጠው፣ ግራና ቀኝ አይተው፣ እንደ ሌባ ተሽሎክልከው ወደ መስኮቱ ሄዱና ከፈቱት። ደረታቸውን ነፍተው ተነፈሱ። ወዲያው ከወጥ ቤት የሴት ድምፅ ተሰማ፤ «ማነው መስኮት የከፈተው? ዝጉ!»

መምህሩ ወደ ካሜራው ዞረው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ይስቃል። «ኪዳኔ፣ እንዳትነግራት» አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው፣ «እኔ ከሞትኩ በኋላ ይህን መስኮት...»

ምስሉ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ።

ከጓሮ የሴቶቹ ጨዋታ ብቻ ይሰማል። ግርማ ሲዲውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። «እሱ ራሱ ነው የከፈተው።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ዓመት ሙሉ ብዙነሽን አማኋት።» ጥቁሩን መስታወት አፍጥጠው አዩት። «ምን ሊል ነበር? ከሞትኩ በኋላ መስኮቱን ምን? የት ሄደ?»

«ራሱ ይንገርሽ። አሁን ግን አልቻለም፤ ታፈነ። ሙቀቱ መውጫ አጣ።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ተነሡ።  አበባውን አነሱ፣ ዳንቴሉን አነሱ፣ ጋቢውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈው ራሳቸው ለበሱት። «አንተ» አሉት ግርማን፣ «ያን ጠበልህን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ። ኪዳኔ፣ ጉጠት አምጣ።»

ምስማሩ ሲነቀል ጮኸ። መስኮቱ ዓመት ሙሉ የተዘጋ ስለሆነ ሁለት ሰው ገፍቶት ነው የተከፈተው። የሸዋ በር ጩኸት፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጫት ሻጮች ጥሪ፣ አቧራና አየር አንድ ላይ ተግተልትለው ገቡ። ኪዳነወልድ የኋላውን፣ የጎኑንና የጣሪያውን ፋን ፈትቶ ወደ ውጭ አዞራቸው። እናቱ ቦታቸውን አልቀየሩም፤ ትኩሱ አየር ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ፊታቸውን አጨማደዱና ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰርጉ ከጫፍ ጫፍ አልቆ ሲዲው ወጣ። ኪዳነወልድ «እንየው?» ቢላቸው፣ «ነገ፣ ከሰው ጋር። ብቻዬን አልችለውም» አሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክፍሉ ሞላ። መስኮቱ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። እንግዳው አንድ በአንድ ሲገባ አንገቱን በነጠላው ይሸፍናል። የንስሐ አባታቸው ሦስቴ አማተቡ። ግርማ ሳል ሳል አለና፣ «እትዬ፣ ለጤና ሲባል መስኮቱ ትንሽ ቢ...» ብሎ ጀመረ።

«ነፋስ የፈራ ጓሮ ይቀመጥ!» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። «ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ኢንጂነር አይደለህ? ይህን አታውቅም?» ወይዘሮ ብዙነሽን ግን እጃቸውን ይዘው አምጥተው ከሁሉ የተከበረው ቦታ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። ሴትዮዋ ብርድ እየመታቸው ለምን እንደተከበሩ ሳይገባቸው ዋሉ።

ሰርጉ ተከፈተ። ልደት ከመኪና ወረደች፣ ከጽጌረዳው ውስጥ ብቅ አለች፣ ርግቡ በረረ። ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል። ከዚያ መምህር ገብረመድኅን ተሽሎክልከው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ከፈቱት፣ ተነፈሱ። ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ። «ኪዳኔ፣ እንዳትነግራት። እኔ ከሞትኩ በኋላ ይህን መስኮት ማን እየከፈተ ያናድዳት ይሆን?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር ትንሽ ቆየ። ከወጥ ቤቱ በኩል ኮቴ ሲሰማ መስኮቱን በፍጥነት ዘጉና ምንም እንዳላደረገ ሰው ጭፈራቸውን ቀጠሉ።

 ወይዘሮ ወለተሥላሴ በመምህሩ ጋቢ ተጠቅልለው ተነሡ፤ በሰዉ መካከል አልፈው ወደ መስኮቱ ሄዱና ዘጉት። ግርማ በእፎይታ ተነፈሰ። ኪዳነወልድ አንገቱን ደፋ።

እሳቸው ግን ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ እንደ ድሮው አንድ ሰው መጥቶ እስኪከፍት ድረስ ቆመው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ያን ጊዜ ዞረው ራሳቸው ከፈቱት።